መጽሐፉ የከሰሰው ሰው

ሰርክ ሕጎቹን በካርቶን ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ በላይ ለጠፈቻቸው።

«ጠንቋይ አይገባም። ቡዳ አይገባም። በሕልሜ አየሁ ማለት ክልክል ነው። ሌባው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በመካከላችን ይኑር። መርማሪው ያየውን ሁሉ አንባቢም ይየው።»

ከታች ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ታሪኩ እዚሁ ፎገራ ላይ ይፈጸም» የሚል ጨመረችበት።

ሰርክ ወረታ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከጎንደሩ በሚገነጠልበት ቦታ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አላት። እኔ እዚያው ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ደብተርና መጽሐፍ እጠርዛለሁ፣ ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው ሲመጣም እጽፋለሁ። በመደብሩ ጥግ ሽፋናቸው የረገፈ የድሮ የወንጀል ምርመራ መጻሕፍት ነበሩ። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል እየተቀባበልን እናነባቸዋለን። መርማሪው ዝም ብሎ ያያል፤ ጥቂት ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ሰዉን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበስብና ሌባውን ከመካከላቸው ያወጣዋል።

አንድ ቀን ሰርክ መጽሐፉን ከድና፣ «ይኼ እኮ የእኛው አውጫጭኝ ነው» አለች። «ከብት ሲጠፋ አገሬው ሁሉ ይሰበሰባል፤ ነገሩ ሳይለይ ማንም አይነሳም። እነሱ ክፍል ውስጥ አደረጉት፣ እኛ ሜዳ ላይ። ለምን በእኛ አገር አንጽፈውም?»

ጻፍን። አንድ መምህር ጻፈ፤ አንድ የባጃጅ ሾፌር ጻፈ፤ አንዲት የቄስ ልጅ ከሁላችን የሚያስፈራውን ጻፈች፤ ሰርክም እኔም ጻፍን። ታሪኮቹ በአንድ ተጠርዘው «ዱካ በጉማራ» በሚል ርእስ ባሕር ዳር ታተሙ፤ በኅዳር መደብራችን ደረሱ። የእኔ ታሪክ አራተኛው ነው። አንድ የተቀጠረ አራሽ የአሠሪውን ላም ሲመሻሽ ነድቶ ወደ ጉማራ ይወስዳታል። ዱካዋ እንዳይታይ ከአንድ ሾላ ሥር ወንዙ ውስጥ ያስገባትና ውኃ ለውኃ ይነዳታል፤ ራቅ ብሎ ያወጣትና ሐሙሲት ገበያ ይሸጣታል። ሌባዬ ሲሄድ ማፏጨት ይወዳል፤ መርማሪው የሚይዘውም በፉጨቱ ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ የገዛው አንለይ ነበር። አንለይ ሩዝ ነጋዴ ነው፤ ከጉማራ ድልድይ አጠገብ፣ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ጀርባ መጋዘን አለው። ዘመዶቹ ከድልድዩ በታች ባለው መንደር ይኖራሉ፤ እሱ ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወረታ ከተማ ነው ያደገው። ሳቁ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። የእኔን ታሪክ እዚያው ቆሞ አነበበና ትከሻዬን መታኝ።

«አንተ ዝምተኛ! ሆድህ ውስጥ ሌባ ተሸክመህ ነው የምትዞረው?»

«ታሪክ ነው» አልኩት።

«ታሪክ ነው ይላል! ሰርክ፣ ይኼን ልጅ ሒሳብ አታስነኪው፤ አደራ!»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጽሐፉን ይዞ እየሄደ ለመንደሩ ሰው ያነብላቸው ጀመር። ደስ አለን። ሰርክ፣ «ያለ ደመወዝ የሚሠራ አሻሻጭ አገኘን» ትል ነበር።

በጥር መሪጌታ ገብረማርያም ወደ መደብሩ መጡ። እሳቸው የዚያ መንደር የሽማግሌዎች አለቃ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡና ከብብታቸው «ዱካ በጉማራ»ን አወጡ።

«ይሄይስ የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ይኼን የአራሹን ነገር የጻፍከው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ አየኸው?»

«ምኑን?»

«ላሚቱን ሲወስዳት ነዋ።»

ሰርክን አየኋት። እሷም እኔን አየችኝ። «አላየሁም፣ መሪጌታ። ፈጠራ ነው» አልኩ።

«እኔስ ይገባኛል» አሉ መሪጌታ። «ዕድሜዬን ሙሉ ያልነበረ ነገር እንደ ነበረ አድርገው እንዲናገሩ ተማሪ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ገበሬው ግን ሌላ ነው የሚያውቀው። አውጫጭኝ ላይ ያየ ሰው ‹እገሌ ሰረቀ› ብሎ አይጮህም፤ ቂም ይፈራል። ስም ሳይጠራ፣ ነገሩን ሸፈን አድርጎ ለሽማግሌ ጆሮ ያደርሳል። ከማን ሰማህ ቢሉት ‹ወፍ ነገረችኝ› ይላል። አሁን አገሬው ምን እያለ ነው መሰለህ? ‹ወፏ በመጽሐፍ ተናገረች› እያለ ነው።»

ከዚያ የሆነውን ነገሩን። ወይዘሮ አምሳል የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ የአንለይ ሟች ወንድም ሚስት ናት። አደይ የምትባለው ላሟ፣ ጥጃዋን ጥላ፣ ሲመሻሽ ከደጅ ጠፋች። በማግሥቱ አንለይ ከከተማ መጥቶ ፈላጊዎቹን መራቸው፤ ዱካዋን ይዘው እስከ ጉማራ ደረሱ። ዱካው ከሾላው ሥር፣ ከውኃው ዳር ቆመ። ልክ እንደ መጽሐፉ። አምሳል ደግሞ የተቀጠረ አራሽ አላት፤ ባየህ ይባላል፤ ከደጋው፣ ከፋርጣ የመጣ ነው። ያፏጫል።

«መጽሐፉ የወጣው በኅዳር ነው» አልኩ። «ላሚቱ የጠፋችው በጥር!»

«ብያቸው ነበር። ‹ወፏ ቀድማ አየች› አሉኝ።»

ሰርክ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች። መሪጌታ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ባየህ ለፋሲካ ሊያገባ ቀን ተቆርጦለታል። እሑድ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ሌባ ተብሎ ከወጣ ሚስቱንም አያገኝ፣ ከጉማራ እስከ ርብ ወንዝ ድረስ የሚያስጠጋው ቤትም አያገኝ። አንተ መጥተህ ተናገር።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

«ጽፌ ብልክልዎስ?»

«ጽሕፈትህንማ አየነው» አሉና ተነሡ። «በአፍህ አምጣው።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሰርክ ካርቶኑን ቀና ብላ አየችው።

«ጠንቋይ የለም፤ ቡዳ የለም፤ ሕልም የለም» አለች። «ታሪኬ ውሸት ነው ብለህ ብትመለስ ባየህን አያወጣውም፤ ላሚቱ መገኘት አለባት። ነገ ሱቁን እዘጋለሁ። ወንዙ ጋ እንሄዳለን።»

በማግሥቱ ከድልድዩ ላይ ከባጃጅ ወረድን። የመፈልፈያው ሞተር ድምፅ ጆሮ ይደፍናል፤ በጥር ያለው የሩዝ ሥራ ሌት ተቀን ነው፤ መፈልፈያዎቹ የሚያርፉት እሑድ ብቻ ነው። ሰርክ የምትለኝ ስላልተሰማኝ በእጇ ወደ ታች አመለከተችኝ። ሩዙ በታጨደበት፣ ጓያው በበቀለበት ማሳ ዳር ዳሩን ይዘን ወደ ሾላው ሄድን።

ይኼን ሾላ እኔ የማውቀው ከድልድዩ ላይ ነው፤ ከሩቁ። ታሪኩን ስጽፍ ለሌባዬ መግቢያ የመረጥኩለት ጥላው ውኃው ላይ ሲያርፍ ስለሚያምር ነው። አሁን ግን ሌባዬ የሄደበትን በእግሬ ልለካው ፈለግሁ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። የመጀመሪያው እርምጃ ደህና ነበር። በሁለተኛው ጭቃው እስከ ጉልበቴ ያዘኝ፤ እሱን ልነቅል ስል ሌላው እስከ ታፋዬ ሰመጠ።

«ሰርክ!»

«አትቀልድ፣ ውጣ!»

«አልቀለድኩም!»

ያን ጊዜ ከኋላችን ፉጨት ተሰማ፤ ከዚያም ፉጨቱ ቆመ። አንድ ረጅም ሰው ረጅም ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ።

«አትንፈራገጥ! በተንፈራገጥክ ቁጥር ይውጥሃል! ዱላውን ያዝ! ደረትህን አስተኛ! እንደ አዞ፣ እንደ አዞ ሁን!»

ጎተተኝ። እየተንፏቀቅሁ ወጣሁ።

«ጫማዬ!»

«ጫማህን ጉማራ ወስዶታል። ይልመድበት» አለ። ከዚያ ሰርክን አየ፤ እኔን አየ፤ ሰርክ የያዘችውን መጽሐፍ አየ። ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ፣ አያ ባየህ።»

«እሺ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ምን አድርጌሃለሁ?»

«ምንም አላደረግኸኝም።»

«ታዲያ?»

እውነቱን ነገርኩት። ባለፈው ክረምት ወይዘሮ አምሳል ማመልከቻ ልታጽፍ ስትመጣ እሱ ከመደብሩ ደጅ ቆሞ ያፏጭ ነበር። አንድ ዜማ ነው፤ ወደ ላይ ይወጣና ከላይ ይቆማል፤ አይወርድም። ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። ሌባዬ የሚታወቅበት ነገር ሲያስፈልገው ያንን ሰጠሁት።

«ወደድከው?»

«በጣም።»

«ወደድከውና ለሌባ ሰጠኸው!» ባየህ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «ለመርማሪው አትሰጠውም ነበር?»

ሰርክ ገባችበት። «አያ ባየህ፣ ታሪኩን ሰምተኸዋል?»

«ሰው ያወራውን ሰማሁ እንጂ እሱን አልሰማሁም። አንለይ ሲያነብ እኔ ከብት ላይ ነኝ። ፊደል አልቆጠርኩ። በል አንብብልኝ፤ ምን ብዬ እንደ ሰረቅሁ ልስማው።»

ጭቃዬን ሳልጠርግ ተቀምጬ አነበብኩለት። በቁም ነገር ሰማኝ። መርማሪው ሲመጣ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐሙሲት ገበያ ስንደርስ «ርካሽ ሸጣት» አለ። በመጨረሻ መርማሪው አራሹ ላሚቱን ከሾላው ሥር ወንዝ ውስጥ እንዳስገባት ሲያወጣ ግን እጁን አነሣ።

«ቆይ። የት?»

«ከዚህ ሾላ ሥር።»

«እዚህ? አንተ አሁን የወጣህበት?»

ሁለታችንም ማጡን አየነው። ጉልበቴ የገባበት ጉድጓድ ቀስ እያለ በውኃ ይሞላ ነበር።

«አንተ ቀጭኑ ወጣህ» አለ ባየህ፤ ሳቁ ተመለሰ። «ላም ብትገባ እኮ እስካሁን ቀንዷ ይታይ ነበር! ይኼን የመንደሩ እረኛ ሁሉ ያውቃል። ለፈላጊዎቹም ብያቸዋለሁ፤ ‹ሌባ መካሪ ሆነ› አሉኝ።»

ሰርክ ቀስ ብላ ተነሣች። «ይሄይስ» አለች፤ «እዚህ ገብታ አትወጣም። ገብታም ማጡ ውስጥ የለችም። እንግዲያስ አልገባችም። ታዲያ ማን ነው እስከዚህ ድረስ አምጥቶ፣ እንደ ገባች ያስመሰለው?»

«የእኔን ታሪክ የሚያውቅ ሰው» አልኩ።

«ታሪኩንማ አገሩ ሁሉ ሰምቶታል።»

«አገሩ ሁሉ ግን ማጡን ያውቃል። የወንዙን ዳር የሚያውቅ ሰው እዚህ አያመጣትም፤ ከፍ ብሎ ያለው መሻገሪያ ይሻለዋል። ፈላጊዎቹም ቢሆኑ ያመኑት መጽሐፉን ይዘው ስለመጡ ነው እንጂ በዐይናቸው ቢያዩ ይስቁ ነበር። ላሚቱን እዚህ ያመጣት ሰው መጽሐፉን አምኗል። ወንዙን ግን እንደኔ ከድልድዩ ላይ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ማንኛችንም ስም አልጠራንም። የዱካው ነገር ገና ይቀረን ነበርና ዳሩን ይዘን አየን። ከማጡ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወስድ ኮረታማ ዳር አለ። ኮረት ዱካ አይዝም። እሱን ተከትለን ስንሄድ የወጣንበት ድልድዩ ሥር ነው፤ ከድልድዩ ሥር ሁለት እርምጃ ወጣ ቢሉ አስፋልት ነው። አስፋልትም ዱካ አይዝም። ከአስፋልቱ ባሻገር መፈልፈያው ይጮሃል።

ባየህ ወደ ጆሮዬ ቀርቦ ጮኸ። «አደይን አንተ አታውቃትም! ጥጃዋን ካጣች አታርፍም! ሲነጋም ሲመሽም ታላዝናለች! እስካሁን ድምፅዋን ያልሰማነው ወይ ታርዳለች፣ ወይ…»

ወደ መፈልፈያው ተመለከተና ንግግሩን ሳይጨርሰው ቀረ።

«አሁኑኑ ልግባ!» አለ።

ሰርክ ክንዱን ያዘችው። «ብትገባና ብትገኝ፣ ‹ራሱ ደብቋት ራሱ አገኛት› ይሉሃል። እሑድ ድረስ ታገሥ። እሑድ ሁሉም ሰው ይቀመጣል።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ሜዳ ላይ ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው በሌላ በኩል። መሪጌታ ገብረማርያም ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ከፊት አሉ። ባየህ ለብቻው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው የለም። እኔና ሰርክ ስንደርስ ጫጫታ ተነሣ።

«ጸሐፊው መጣ! አፋችሁን ያዙ፤ ያላችሁትን ሁሉ ይጽፈዋል!»

«እኔን ከጻፍከኝ ጥርስ ጨምርልኝ!»

«ወፍ ነው ያላችሁን ይኼ ነው? ላባ እንኳ የለው!»

አንለይ ከወንዶቹ መካከል ቦታ ለቀቀልኝ። «ና፣ ዝምተኛው፤ አጠገቤ ተቀመጥ። ዛሬ ያንተ ቀን ነው» አለኝ። ሳቁ እንደ ወትሮው ነው። ቆሜ ቀረሁ።

መሪጌታ በትራቸውን አነሡ፤ ሜዳው ጸጥ አለ። የአገሩን ወግ ተናገሩ፦ እዚህ የተቀመጠ ሰው ነገሩ ሳይለይ አይነሣም፤ ያየ ሰው አይሸሽግም፤ የሰማ ሰው አይጨምርም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወፍ ነው ያሉህ ሰው ነህ። ተናገር።»

የሰዉ ዐይን ሁሉ እላዬ ላይ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የባየህን ዐይን አየሁ፤ ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቀኛል።

«እኔ ያየሁት ነገር የለም» አልኩ። ድምፄ ቀጠነ፤ ደገምኩት። «ያየሁት ነገር የለም። ታሪኩን ከራሴ ነው ያመጣሁት። ላሚቱን ከሾላው ሥር ያስገባኋት ቦታውን ስለማላውቀው ነው። ረቡዕ ገብቼበት ነበር። እስከ ታፋዬ ሰመጥኩ፤ ጫማዬ እዚያው ነው።»

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። ከወንዶቹ አንዱ፣ «ማጡ ውስጥ? አብደሃል?» አለ።

«እናንተ ብትሆኑ ትገቡ ነበር?»

«እኛማ ምን ቆርጦን!»

«ባየህስ? በየቀኑ እዚያ ከብት የሚያጠጣው?»

ሳቁ ቀስ በቀስ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አዛናው የሚባለው፣ ከፈላጊዎቹ አንዱ የነበረው ሽማግሌ፣ ግንባሩን መታ። «እውነቱን ነው እኮ! ዐይናችን እያየ ላሟን ማጥ ውስጥ ነዳናት!»

«አልገባችም» አልኩ። «እስከ ዳሩ ድረስ መጥታ በኮረቱ በኩል ወደ ድልድዩ፣ ወደ አስፋልቱ ወጥታለች። ማን እንደ ወሰዳት አልናገርም፤ አላየሁም። ወፍም አልነገረችኝ። ግን አንድ ነገር እለምናለሁ። ወፏ ዛሬ ትቅርና ጥጃዋ ትናገር። ዛሬ እሑድ ነው፤ መፈልፈያዎቹ ዝም ብለዋል። ሽማግሌዎች ጥጃዋን አስፋልቱ ድረስ ይውሰዷት። እኛ ሁላችን እዚሁ እንቀመጥ።»

በመሪጌታ ጢም ውስጥ ፈገግታ የመሰለ ነገር አለፈ። «ጥጃ አትዋሽም፤ ቂምም አታውቅም» አሉ። «አዛናው፣ ተነሥ። ውሰዳት።»

ጥጃዋ እየተጎተተች በአጠገባችን ስታልፍ አንለይ ተነሣ።

«መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሩዝ የሚያስረክበኝ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ቶሎ እመለሳለሁ።»

«ተቀመጥ።»

«ስልክ እየተደወለልኝ ነው…»

«ይደወል። አውጫጭኝ ላይ የተቀመጠ ሰው አይነሣም። ይኼን ወግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባትህ ሰምተኸዋል።»

ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። ሜዳው ረባዳ ነው፤ ሞተሩ ሲተኛ ድምፅ ይሻገራል። መጀመሪያ የጥጃዋ ጩኸት ከድልድዩ በኩል መጣ፤ ቀጭን፣ የተቆራረጠ። ደገመችው። ከዚያ ከታፈነ ቦታ፣ ከወፍራም ግድግዳ ጀርባ፣ አንድ ረጅም ድምፅ መለሰላት።

ወይዘሮ አምሳል ብድግ አለች። «አደይ!»

ድምፁ እንደገና መጣ፤ አሁን ጥጃዋም ላሚቱም አብረው ነበር የሚጮኹት። ከወረታ እስከ ድልድዩ ያለው መጋዘን ሁሉ የማን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ አንለይ ዞረ። አምሳል ሰዉን እየከፈለች መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«ዱካውን የመራኸን አንተ ነበርህ እኮ» አለችው። አልጮኸችም። «ከወንድምህ ልጆች አፍ ወተት ነጥቀህ ልታጽናናኝ መጣህ?»

«ልመልሳት ነበር» አለ አንለይ። ያ ትልቅ ድምፁ ወዴት እንደ ሄደ እንጃ። «አንቺን አልነካሁም። እሱ ይሂድ ብዬ ነው። ማሳውን ባዕድ ከሚያርሰው እኔ ላርሰው ብዬ ነው። እሱ ከሄደ ወደ እኔ ትመጫለሽ ብዬ…»

«ብትጠይቀኝስ?»

«ጠይቄሽ እምቢ አልሽኝ።»

«እንግዲያው እምቢ ያልኩት ደግ አደረግሁ» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተከራከሩም። ነገሩ ለወረዳው እንደሚነገር፣ አንለይም የአምሳልን ማሳ ዳር እንዳይረግጥ ተወሰነ። መሪጌታ ግን ሰዉን አላሰናበቱም።

«አልጨረስንም» አሉ። «ላሚቱ ተመለሰች፤ ስም ግን ገና አልተመለሰም። ሌባ ያለ ሁሉ ይነሣና ባየህን በስሙ ይጥራው፤ ይቅርታ ይጠይቀው። ከእኔ እጀምራለሁ፤ መጽሐፉን በብብቴ ይዤ ዞሬያለሁና።»

ተራ በተራ ተነሡ። ከሁሉ በፊት መሪጌታ፣ ከዚያ አዛናው፣ ከዚያ ሌሎቹ። ባየህ መጀመሪያ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ በኋላ ቀና አለ፤ በመጨረሻ «በቃ፣ በቃ፣ እጄን አሳመማችሁኝ» ማለት ጀመረ። ይህን ሲል አዛናው አደይን ከፊት፣ ጥጃዋን ከኋላ አድርጎ መጣ። ጥጃዋ አላስሄድ ብላ በየመንገዱ ጡት ትይዛለች። አደይ ጎኗ የሩዝ ገለባ ለብሷል።

የእኔ ተራ ሲደርስ ባየህ እጄን ይዞ አልለቀቀኝም።

«አንተ አላመለጥክም» አለኝ። «መጽሐፉ ገና ይነበባል። በሐሙሲትም፣ በደብረ ታቦርም። እዚያ የሚያነበው ሰው ይኼን ሜዳ አያውቀውም። እዚያ አሁንም የማፏጨው ሌባ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ነገ መደብሩ ጋ ና።»

በማግሥቱ የቀሩትን ቅጂዎች ሁሉ ከመደርደሪያው አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ከመርኳቸው። ሰርክ ማስመሪያና ጥቁር እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ፉጨቱ ያለበትን መስመር ሁሉ በየቅጂው እየፈለግሁ ቀጥ አድርጌ ሰረዝኩት። መርማሪዬ ሌባውን የሚይዝበት ነገር ጠፋበት፤ ስለዚህ በኅዳጉ ላይ በትንንሽ ፊደል፣ በጥንቃቄ፣ ሌላ ጻፍኩለት፦ አሁን ጥጃዋን ይዞ ሐሙሲት ገበያ ይሄዳል።

«ሾላውስ?» አለች ሰርክ፤ ከላዬ ቆማ እያነበበች። «ማጡን አታስተካክለውም? ስሕተት እኮ ነው።»

«እሱን አልነካውም» አልኩ። «ሌላ ሌባ ደግሞ ሊያምነው ይችላል።»

ባየህ ከሰዓት በኋላ መጣ። ፊደል አይለይም፤ ቢሆንም አንዱን ቅጂ አንሥቶ ጥቁሩን መስመር በጣቱ ተከተለው።

«እዚህ ጋ ነበርሁ?»

«እዚያ ነበርህ።»

«አሁን የለሁም?»

«የለህም።»

መጽሐፉን ቦታው መለሰና ወጣ። የጎንደሩ መኪና እስኪያልፍ መንገዱ ዳር ቆመ። ከዚያ ያቺን ዜማ ጀመራት፤ ወደ ላይ ወጣች፤ ከላይ ቆመች። እኔም እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቀጣዩን ቅጂ ገለጥሁ።